ሁለት አገሮች፣ አንድ ሩዝ

ንግድ ድሃን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ክርክሩ ሁሌም ሁለት ጎራ ነው። አንዱ «ገበያችሁን ክፈቱ፣ ሀብት ይመጣል» ይላል። ሌላው «ዝጉ፣ አለዚያ ትዋጣላችሁ» ይላል። እኔ ሁለቱንም ስሰማ ትዝ የሚለኝ የቬትናምና የሄይቲ ሩዝ ነው። ሁለቱም ድሃ አገሮች ነበሩ። ሁለቱም ኢኮኖሚያቸውን መክፈት የጀመሩት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 ነው። መጨረሻቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ።

ከቬትናም ልጀምር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ራሷን መመገብ አቅቷት ነበር። ገበሬው በኅብረት እርሻ ያርሳል፤ ያመረተውን ያስረክባል። ቢለፋም ባይለፋም የሚደርሰው ያው ነው። ከዚያ «ዶይ ሞይ» የሚባለው ማሻሻያ መጣ። በ1988 መሬቱ ለየቤተሰቡ በኮንትራት ተከፋፈለ። ግዴታውን የከፈለ ገበሬ የተረፈውን ገበያ አውጥቶ መሸጥ ቻለ። በዓመቱ፣ በ1989፣ ሩዝ ስትሸምት የኖረችው አገር ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ወደ ውጭ ላከች።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ መሬቱ ገበሬው እጅ ገባ። ወደ ውጭ የሚላከውን ሩዝ መንግሥት ለዓመታት በኮታ ሲቆጣጠር ቆየ። ከአሜሪካ ጋር የተደረገው የንግድ ስምምነት ሥራ ላይ የዋለው በ2001 ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት አባል የሆነችው ደግሞ በ2007። ማሻሻያው ከተጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል ማለት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሕዝቧ ከግማሽ በላዩ ድሃ ነበር። ዛሬ በከፋ ድህነት የሚኖረው በጣም ጥቂቱ ነው።

ወደ ሄይቲ እንሂድ። እዚያ በ1995 ከውጭ በሚገባ ሩዝ ላይ የነበረው ቀረጥ ወደ 3 በመቶ ወረደ። አበዳሪዎችና ዋሽንግተን የገፉበት ውሳኔ ነው። የአገሪቱ ሩዝ በብዛት የሚበቅለው አርቲቦኒት በሚባል ሸለቆ ነው። የዚያ ሸለቆ ገበሬ በዚያን ሰዓት ምን ነበረው? ትንሽ ማሳ። የሚጠግነው ያጣ የመስኖ ቦይ። የሚያበድረው የለም። የሚወዳደረው ግን በማሽን ከሚያርስና መንግሥቱ ከሚደጉመው የአሜሪካ ገበሬ ጋር ነው። ሰዉ ከውጭ ለሚመጣው ሩዝ ስም አውጥቶለታል፤ «የማያሚ ሩዝ» ይለዋል። አገር በቀሉን ከገበያ አስወጣው።

እውነቱ ይነገር፤ የከተማው ድሃ መጀመሪያ ላይ ተጠቅሟል። በርካሽ ገዝቶ በላ። ይሄን መካድ አይገባም። መከራው የመጣው በ2008 የዓለም የእህል ዋጋ ሲሰቀል ነው። የራስ ሩዝ ተዳክሟል፤ የውጭው አልቀመስ አለ። ሕዝቡ ተርቦ አደባባይ ወጣ፣ ሰው ሞተ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከሥልጣናቸው ተነሱ።

ቀረጡ ሲወርድ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቢል ክሊንተን በ2010 በአገራቸው ሴኔት ኮሚቴ ፊት ስህተት መሆኑን አመኑ። ፖሊሲው የትውልድ ግዛታቸውን የአርካንሳስን አንዳንድ ገበሬዎች ጠቅሞ ይሆናል፤ ሄይቲ ግን ሕዝቧን የሚመግብ ሩዝ የማምረት አቅሟን አጣች፤ የዚህ ነገር ጸጸት በየቀኑ አብሮኝ ይኖራል አሉ። ማመናቸውን አከብራለሁ። ግን 15 ዓመት ለገበሬ ረጅም ጊዜ ነው። በ15 ዓመት ውስጥ መሬቱን ጥሎ ከተማ ይገባል። ልጆቹ ማሳ ሳይረግጡ ያድጋሉ።

«እንክፈት ወይስ እንዝጋ» የሚለው ጥያቄ የማይጥመኝ ለዚህ ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ድሃው ወደ ገበያው ሲገባ በእጁ ምን ይዟል? የቬትናሙ መሬት ይዞ ገባ። የሄይቲው ባዶ እጁን ገባ። የዕድገት ቁጥር ይህንን አይነግረንም። ኢኳቶሪያል ጊኒ በ1990ዎቹ ነዳጅ ስታገኝ ኢኮኖሚዋ በዓለም እጅግ ፈጥነው ከሚያድጉት አንዱ ሆነ። ቁጥሩ ሲታይ ሀብታም አገር ሆነች። አብዛኛው ሕዝቧ ግን ድሃ እንደሆነ ቀረ። ነዳጅ ሲወጣ ብዙ ሠራተኛ አይፈልግም፤ ገንዘቡም የሚያልፈው በጥቂት ሰዎች እጅ ነው።

ጋርመንት፣ ማለትም የልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ ለየት ይላል። ብዙ እጅ ይፈልጋል። ባንግላዴሽ ወደ ውጭ ከምትሸጠው ከ80 በመቶ በላዩ ልብስ ነው። ሚሊዮኖች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ የራሳቸውን ደመወዝ በእጃቸው የያዙት በዚህ ሥራ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን እዚያም ያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል።

በሚያዝያ 2013 በዋና ከተማዋ በዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የሚባለው ሕንፃ ግድግዳ ተሰነጠቀ። ሰዉ እንዲወጣ ተደረገ። በማግስቱ ጠዋት ታች ያሉት ባንክና ሱቆች አልከፈቱም። ላይ ያሉት የልብስ ፋብሪካዎች ግን ሠራተኞቻቸውን «ግቡ» አሏቸው። ካልገቡ ደመወዝ ይቀራል። ገቡ። ሕንፃው ተደረመሰ፤ ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። አንድ ሕንፃ ነው፣ ስንጥቁም አንድ ነው። የባንኩ ሠራተኛ ቤቱ ዋለ፤ ልብስ ሰፊዋ መቅረት አልቻለችም።

ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። ሆኖም ከዚያ በኋላ የመጣውን ማንሳት አለብኝ። በወሩ የሠራተኛ ማኅበራትና ትልልቅ የልብስ ብራንዶች በሕግ የሚያስገድድ የደኅንነት ስምምነት ፈረሙ። ከ1,000 በላይ ፋብሪካዎች ተፈተሹ። የባንግላዴሽ የልብስ ንግድ በዚህ ምክንያት አልሞተም፤ እንዲያውም አደገ። ከስምምነቱ ውስጥ ልቤን የነካኝ አንድ አንቀጽ ነው። ሠራተኛዋ ሕንፃው ያሰጋል ብላ በቂ ምክንያት ካላት፣ ደመወዟ ሳይቆረጥ «አልገባም» ማለት ትችላለች።