ባጋስ ተፈጭቶ ብቻ ሲኤምሲ አይሆንም
ስለ ባጋስ፣ ማለትም ጭማቂው ከወጣ በኋላ ስለሚቀረው የሸንኮራ አገዳ ቃጫ፣ የወጣው ጽሑፍ «ባጋስ ተፈጭቶ በቀጥታ ወደ ሲኤምሲ ይቀየራል» ያለው ስህተት ነው። ሲኤምሲ (ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ) ከሴሉሎስ በኬሚካል የሚሠራ ማወፈሪያ ነው። በሸንኮራ አገዳ ባጋስ ውስጥ ያለው ሴሉሎስ ከ40 እስከ 50 በመቶ ገደማ ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን (ቃጫውን አጣብቆ የሚያጠነክረው ነገር) ነው። መጀመሪያ ስፖንጅ መሳዩ የአገዳው ውስጠኛ ክፍል በወንፊት ይለይ፤ ካልተለየ ኮስቲክ ሶዳውን ይጠጣዋል። ከዚያ ቃጫው በሶዳ ይቀቀላል፣ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይነጣል። በጽሑፉ ሥር «የኔ ቢጫ ሆነ፣ አልሟሟም አለ» ላሉት አስተያየት ሰጪ፦ ቢጫው በአብዛኛው የቀረ ሊግኒን ነው። አለመሟሟቱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የመተካት ደረጃው (በእያንዳንዱ የሴሉሎስ አሃድ ላይ የተያያዙት የካርቦክሲሜቲል ቡድኖች አማካይ ቁጥር) ከ0.4 በታች ከሆነ ውሃ ውስጥ ያብጣል እንጂ አይሟሟም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የውሃ መብዛት ነው፦ ሴሉሎሱን ወደ ሲኤምሲ የሚቀይረው ሞኖክሎሮአሴቲክ አሲድ ሴሉሎሱን ትቶ ከሶዳው ጋር ይዋሃድና ሶዲየም ግላይኮሌት የተባለ የማይፈለግ ተረፈ ምርት ይሆናል። ስለዚህ ሥራውን በአይሶፕሮፓኖል (የአልኮል ዓይነት) ውስጥ ያካሂዱት፤ ሶዳውን ከሴሉሎሱ ጋር በክፍል ሙቀት 1 ሰዓት ካማሰሉ በኋላ አሲዱን ጨምረው በ55 ዲግሪ ሴልሺየስ 3 ሰዓት ያቆዩ። አደራ፣ ይህ አሲድ በቆዳ ዘልቆ ይመርዛል፤ ያለ ጓንት፣ ያለ መነጽርና ያለ አየር ማውጫ አይንኩት። ሶዳ ሲበዛ የሴሉሎሱ ሰንሰለት ይቆራረጣል፣ የሟሟው ፈሳሽም ይቀጥናል። ሲጨርሱ በአሴቲክ አሲድ ገለልተኛ አድርገው በ80 በመቶ ኤታኖል ደጋግመው ይጠቡት፤ በውሃ ብቻ ከታጠበ ምርቱም አብሮ ይሄዳል።