ማስተካከያ፦ ኔፓል ሄደው ማስተማር ለሚያስቡ

ባለፈው ሳምንት ባወጣነው ጽሑፍ «በቱሪስት ቪዛ ገብቶ በሕፃናት ማሳደጊያ በነፃ ማገልገል ይቻላል» ብለን ነበር። ተሳስተናል። ኔፓል በቱሪስት ቪዛ መሥራትን ትከለክላለች፤ ክፍያ የሌለው ሥራም ቢሆን። በእኛ ቃል ተማምናችሁ ትኬት የቆረጣችሁ ካላችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።

«ወላጅ አልባ ሕፃናት» ማለታችንም መታረም አለበት፤ እንዲያውም የባሰው ስህተት ይሄ ነው። በኔፓል ማሳደጊያዎች ካሉት ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። ደላላ ከሩቅ ተራራማ መንደር ይመጣና «ልጃችሁን ካትማንዱ ጥሩ ትምህርት ቤት አስገባለሁ» ብሎ ገንዘብ ይቀበላል፤ ልጁ ግን «ወላጅ የለውም» ተብሎ ለጎብኚ ይታያል። ማሳደጊያዎቹ የሚበዙት ቱሪስት በሚያዘወትርባቸው በካትማንዱ ሸለቆ፣ በፖክሃራና በቺትዋን መሆኑ ቀድሞ ሊያነቃን ይገባ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2019 አገሮች ከዚህ ዓይነቱ የበጎ ፈቃድ ጉዞ የሚመጣውን ጉዳት እንዲከላከሉ ጠይቋል።

«ሁለት ሳምንት ይበቃል» ያልነውንም ሰርዘናል። አስተማሪው በየሁለት ሳምንቱ ሲቀየር ልጆቹ በየጊዜው ከ«ኤ፣ ቢ፣ ሲ» ይጀምራሉ፤ የለመዱትን ሰውም በየጊዜው ይሰናበታሉ። በጽሑፉ ለበጎ ፈቃደኞች ካቀረብነው የቦታዎች ዝርዝርም ማሳደጊያዎቹን በሙሉ አውጥተናል።