ሌጎው ከቡፌው ይውረድ

ሐዋሳ ሄጄ ያንገበገበኝን ነገር ልንገራችሁ። ለእህቴ ልጅ ከዴንማርክ የላክሁለት ሌጎ፣ ያ እየተገጣጠመ የሚሠራው የፕላስቲክ ጡብ መጫወቻ፣ ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ጎን ተቆልፎበት አገኘሁት። የእሳት አደጋ መኪና ነው። ግማሹ ተገጣጥሟል፣ ግማሹ በፌስታል ታስሯል። ምነው ብላት፣ «የአገጣጠሙ መመሪያ ወረቀቱ ጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ምን ይሠራበታል? ደግሞ የሰው አገር ዕቃ ነው፣ በታትኖ ይጨርሰዋል» አለችኝ። ልጁ አጠገባችን ቆሞ በመስታወቱ ያየዋል።

እህቴ ክፋት የላትም። የእኛ ቤት ሁሉ እንደዚያ ነው፤ የቱ ቤት ቡፌ ውስጥ ያልተነካ አሻንጉሊት እንደሌለ ንገሩኝ። እኔን ያበሳጨችኝ «ወረቀቱ ጠፋ» የምትለው ነገር ናት።

ወረቀቱ እኮ አይጠፋም! የሌጎ ኩባንያ ራሱ ድረ ገጹ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ መመሪያዎችን በነፃ አስቀምጧል። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ታስገባለህ፣ ፒዲኤፉ ይወርዳል፣ አለቀ። መመሪያው ደግሞ ሥዕል በሥዕል ነው። ዴንማርክኛ አይል፣ እንግሊዝኛ አይል፣ ገና ሀሁ ያልቆጠረ ልጅ እያየ ይገጣጥማል። እኛ ልጆች በቋንቋ ምክንያት ስንት ነገር አመለጣቸው እያልን የምናዝን ሰዎች፣ ቋንቋ የማይጠይቀውን ነገር ቆልፈን እናስቀምጥ?

ካርቶኑም ተጥሎ ነበር። ስለዚህ ማታ ከልጁ ጋር ምንጣፍ ላይ ፌስታሉን ዘረገፍነው። ጡቦቹን ገልበጥ አድርጋችሁ ካያችሁ በሆዳቸው በኩል ደቃቅ ቁጥር ተቀርጿል። የስልኩን መብራት አበራሁለት፣ እሱ አይኑን አጥብቦ ያነባል። ባለ ስምንት ጉጡን ጡብ አንስቶ «3001» አለኝ። ትክክል ነው፣ ያ ጡብ የትም ዓለም ቁጥሩ ያው ነው። ግን እሱ በየካርቶኑ ስላለ አይጠቅመንም፤ ለየት ያለ ፍሬ ነው የሚፈለገው። መሰላሉን የሚይዘውን ቁራጭ አገኘን። ብሪክሊንክ የሚባለው የሌጎ ፍሬ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን ስታስገቡ ያ ፍሬ የትኞቹ ሌጎዎች ውስጥ እንዳለ ይዘረዝራል። ከነፎቶው ስናይ የእኛ መኪና ወጣ። ኔትወርኩ እየተንቀራፈፈም ቢሆን መመሪያው ወረደ።

አንድ ጎማ ጎድሎ ነበር። ለዚህም መላ አለው። ሪብሪካብል የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ ያላችሁን ሌጎ ስትመዘግቡ በእነዚያው ፍሬዎች ሌላ ምን መሥራት እንደሚቻል ያሳያችኋል። ንድፎቹን የሚያወጡት እንደ እኛው ያሉ ወዳጆች ናቸው። አንዳንዱ ይሸጣል፣ ብዙው ግን ነፃ ነው። ልጁ ጀልባ መረጠ፤ የሐይቅ ዳር ልጅ አይደል። እናቱ ቡና እያፈላች ዞር ዞር እያለች ታየን ነበር፣ ኋላ ላይ እሷም ፍሬ ማቀበል ጀመረች።

እኔ በምኖርበት አገር ሽበት ያወጡ ሰዎች ሥራ ውለው ገብተው ሌጎ ይገጣጥማሉ። ማንም «ምን የልጅ ጨዋታ ነው» አይላቸውም። ኤልድሮው የሚባለውን ብቻ እዩ። ጀምስ ጄሲማን የሚባል አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ1995 በዚህ ስም ጡቦቹን በኮምፒውተር ለመሥራት የሚያስችል ፕሮግራም ጽፎ በነፃ ለቀቀው። በ1997፣ ገና በወጣትነቱ ሞተ። ያላወቁት፣ ያላዩት ሰዎች ሥራውን ተቀበሉት፤ እስከ ዛሬ አዲስ ፍሬ በወጣ ቁጥር ያለ ክፍያ አንድ በአንድ እየሳሉ ይጨምሩበታል። ደቦ ማለት ይሄ ነው። እኛ ደቦን የምናውቅ ሕዝብ ስለሆንን ይህን ለመረዳት የምንቸገር አይመስለኝም።

ጡብ የሌለውስ ልጅ? ብሪክሊንክ ስቱዲዮ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለው። ኮምፒውተር ያለው ትምህርት ቤት ይጫንለት። ጡቡ እዚያ አያልቅም፣ ልጁ የፈለገውን ይሠራል፣ ሲጨርስ የራሱን መመሪያ ያወጣለታል። ሐዋሳ ውስጥ ኮምፒውተር ክፍላቸው ከጠዋት እስከ ማታ ተቆልፎ የሚውል ትምህርት ቤት አይቻለሁ፤ እሱም ሌላው ቡፌ ነው፣ ዛሬ ባልጀምረው ይሻላል።

ውጭ ላላችሁ ደግሞ። አዲስ ካርቶን ካልገዛሁ ብላችሁ አትጨነቁ። ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን የሚባለው አናጢ ቢሉንድ በምትባል የዴንማርክ ከተማ ውስጥ የሌጎን ድርጅት የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው፣ አሁን የምናውቀው ጡብ ግን የ1958 ነው። የዚያን ዓመት ጡብ ዛሬ ከተሠራው ጋር ብትገጥሙት እንክት አድርጎ ይይዛል። ስለዚህ ሰዎች ከየጓዳቸው አውጥተው በርካሽ የሚሸጡትን ድብልቅልቅ ግዙ። ለብ ባለ ውኃ እጠቡት፤ የፈላ አይሁን፣ ይጣመማል። የጎደለ ፍሬ ብሪክሊንክ ላይ በነጠላ ይሸጣል። ሐዋሳ ሆኖ ማዘዙ የካርድና የፖስታ ጣጣ ስላለው ያንን እኛ እንግዛና ሻንጣ ውስጥ እንክተተው።

ስትልኩ ደግሞ የሌጎውን ቁጥር በቴሌግራም አብራችሁ ላኩ። ፒዲኤፉንም እዚያው አውርዳችሁ ጫኑላቸው፣ ዳታ እንዳይበላባቸው። ለእናትየውም ደውሉላትና ቢበተን ተመልሶ እንደሚገጠም ንገሯት።