«ጽሑፍሽን ማሽን ነው የጻፈው» አሉኝ

ፍሪላንሰር ነኝ፤ ተቀጣሪ ሳልሆን በየሥራው እየተከፈለኝ ለደንበኞች በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ትናንት ማታ ከአንድ ደንበኛ መልእክት ደረሰኝ። «መሣሪያችን ጽሑፍሽ 87 ከመቶ በኤአይ የተጻፈ ነው ስላለን ክፍያውን መፈጸም አንችልም» ይላል። ሰላምታ የለው፣ ጥያቄ የለው፣ ፍርድ ብቻ።

አንብቤ ስልኩን አስቀመጥኩት። መልሼ አነሳሁት። ደግሜ አነበብኩት። እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር ነጋ።

ጽሑፉ ስለ ፍራሽ ነበር። ጀርባውን የሚያመው ሰው ምን ዓይነት ፍራሽ ይምረጥ የሚል፣ 1,800 ቃል። አዎ፣ ስለ ፍራሽ ነው። ግን ሦስት ቀን ለፍቼበታለሁ። በጎኑ የሚተኛና በጀርባው የሚተኛ ሰው የሚስማማቸው ለምን እንደሚለያይ ለመረዳት ብቻ ግማሽ ቀን ሳነብ ዋልኩ። ጀርባውን አሞት ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድር ሰው ያነበዋል ብዬ ነው የጻፍኩት።

ማስረጃም አለኝ። የጻፍኩት ጎግል ዶክ ላይ ነው፤ የለውጥ ታሪኩን ለከፈተ ሰው ሁሉም ነገር እዚያው ተመዝግቧል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሰረዝኩት አንቀጽ አለ። ጠዋት ተነስቼ መልሼ ያስገባሁትም አለ። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ሰባት ጊዜ ተጽፋ ሰባት ጊዜ ጠፍታለች። ማሽን እንዲህ አይጽፍም። እንዲህ የሚጨነቀው ሰው ነው።

ሊንኩን ላክሁላቸው። «እባካችሁ ታሪኩን ከፍታችሁ እዩት፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አልኳቸው። መልሱ ሲመጣ፣ «እኛ የምንቀበለው መሣሪያው ያለውን ነው» ሆነ። ሥራዬን ዘርግቼ እያሳየኋቸው የታመነው አንድ ቁጥር ነው። አንጀቴ አረረ።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ሥራውን ሲሰጡኝ የላኩልኝ መመሪያ አሁንም እጄ ላይ አለ። «ዓረፍተ ነገሮቹ አጭር ይሁኑ። ከባድ ቃል አትጠቀሚ። የ12 ዓመት ልጅ የሚረዳው ይሁን» ይላል። እንዳሉኝ አደረግኩ። አሁን እነዚህ ኤአይ ለይተን እናወጣለን የሚሉ መሣሪያዎች አብዛኞቹ እንዴት እንደሚሠሩ እዩ። የሚቀጥለው ቃል ምን ያህል በቀላሉ የሚገመት ነው ብለው ይለካሉ። ቃሉ የተለመደ፣ አረፍተ ነገሩ ያልተወሳሰበ ከሆነ «ማሽን ነው» ይላሉ። እንግዲህ ቀላል አድርጊው ብለው አዘዙኝ፤ ቀላል ስላደረግኩት ደግሞ ሌባ ተባልኩ።

በእንግሊዝኛ እየጻፈ የሚኖር፣ አፉን ግን በሌላ ቋንቋ የፈታ ሰው ሁሉ ይሄን ይስማኝ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ሰባት መሣሪያዎችን ፈትነዋል። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል፣ ማለትም ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና፣ የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ሰጧቸው። በአማካይ 61 ከመቶውን «ኤአይ ጻፈው» አሉ። ሰው፣ ፈተና ላይ ተቀምጦ፣ በገዛ እጁ የጻፈውን! የአሜሪካ ተማሪዎችን ድርሰት ሲሰጧቸው ግን ብዙም አልተሳሳቱም። ይሄ ማለት ከእኔ ጎን የተቀመጠው፣ እንግሊዝኛን ከእናቱ የተማረው ጸሐፊ ያንኑ ሥራ ሠርቶ ብሩን ይቀበላል፤ እኔ እጠረጠራለሁ።

ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ እንዲህ ያለ መለያ አውጥቶ ነበር። በራሱ ሙከራ ከኤአይ ጽሑፎች በትክክል የለየው 26 ከመቶውን ብቻ ነው። ሰው ከጻፈው ደግሞ 9 ከመቶውን በስህተት ኤአይ ብሎታል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ዘጋው። ማሽኑን የሠራው ኩባንያ መለየት አልቻልኩም ብሎ የተወውን ነገር፣ የእኔ ደንበኛ ከየት ባመጣው መሣሪያ ነው እርግጠኛ የሆነው? እ.ኤ.አ. በ1787 የተጻፈውን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሳይቀር ኤአይ ነው ያለ መሣሪያ እኮ አለ።

ኤአይ ጽፎላቸው የራሳችን ነው ብለው የሚያስረክቡ ሰዎች የሉም አልልም። አሉ። ደንበኛ ቢጠነቀቅ አይፈረድበትም። ግን ጥርጣሬ ካለህ ጠይቀኝ። ጥራኝና ስለ ጽሑፉ አናግረኝ፤ የትኛውን ምንጭ ለምን እንደመረጥኩ አንድ በአንድ እነግርሃለሁ። ሳትጠይቅ የሦስት ቀን ጉልበት አትብላ። የሚገርመው ደግሞ «አንከፍልም» ያሉትን ጽሑፍ «አንጠቀምበትም» አላሉም። ጠየቅኳቸው። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ።

«ታዲያ አስቀድመሽ ገንዘቡን ለምን አላስያዝሽም?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። እንደ አፕዎርክ ባሉ ፍሪላንሰርና ደንበኛን በሚያገናኙ የኢንተርኔት መድረኮች ላይ በቁርጥ ዋጋ የሚሠራ ሥራ ሲሆን ደንበኛው ብሩን መድረኩ ዘንድ አስቀድሞ ያስይዛል። ሥራውን ካስረከብሽ በኋላ 14 ቀን ዝም ካለ ለአንቺ ይለቀቃል። ይሄኛው ሥራ ግን በኢሜይል በቀጥታ የመጣ ነው። በቀጥታ የምንሄደውም ወደን አይደለም። ፋይቨር የሚባለው ሌላው መድረክ ከምታገኚው ላይ 20 ከመቶ ይወስዳል። አፕዎርክም ለዓመታት ከአንድ ደንበኛ ከምታገኚው ከመጀመሪያው 500 ዶላር ላይ 20 ከመቶ ሲቆርጥ ኖሮ ወደ 10 ከመቶ ያወረደው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። አፕዎርክ ላይ ሥራ ለመጠየቅ ራሱ ኮኔክት የሚሉትን የማመልከቻ ነጥብ መግዛት አለ። ከፍለሽ ታመለክቻለሽ፣ ከሃምሳ ሰው ጋር ትወዳደሪያለሽ፣ አንዳንዱ ማስታወቂያ ማንንም ሳይቀጥር ይዘጋል። የከፈልሽውን ውሃ በላው።

ኒው ዮርክ ከተማ ለፍሪላንሰሮች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አላት። 800 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ሥራ የጽሑፍ ውል ይኑረው፣ ቀን ካልተቆረጠለት በ30 ቀን ይከፈል ይላል። ደስ ይላል። ባሕር ማዶ ያለ ደንበኛ ሲክድሽ ግን የትኛው ፍርድ ቤት ትሄጃለሽ? ደግሞ ለአንድ የፍራሽ ጽሑፍ።

ስለ «ሙከራ» ጽሑፍም ሳልናገር አላልፍም። «500 ቃል ለናሙና ጻፊልን፣ ከወደድነው እንቀጥርሻለን» ይሉሻል። በነፃ ማለታቸው ነው። ባለፈው ዓመት አንዱን ጽፌ ላክሁ። «ለጊዜው አልመረጥንሽም» አሉኝ። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ነገር ስፈልግ ያንኑ ጽሑፍ ድረ ገጻቸው ላይ አገኘሁት። ርዕሱ ተቀይሯል፣ የሌላ ሰው ስም ተለጥፎበታል። አንዲት ፊደል የሳትኩባት ቦታ እንኳን አልታረመችም። ያቺን ስህተት ሳያት ነው የእኔ መሆኑን ያረጋገጥኩት። ለአሥር ሰው እንዲህ ናሙና ካስጻፉ አሥር ጽሑፍ በነፃ አገኙ ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ «አንቺ እኮ ቤት ነሽ» ይላል። በር ሲንኳኳ የምከፍት እኔ፣ ዕቃ ሲመጣ የምቀበል እኔ፣ የታመመ ልጅ የሚተውልኝ ለእኔ። ቢሮ ብውል ኖሮ ማንም አይጠራኝም ነበር። እንዲህ እየተቆራረጠ የዋለውን ቀን ሌሊት ነው የማካክሰው፤ ያ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የተሰረዘው አንቀጽም ከዚህ የመጣ ነው። ፓጃማ ለብሰው በወር ይሄን ያህል ሺህ ዶላር እንሠራለን እያሉ ኮርስ የሚሸጡት ይህን አይነግሯችሁም። ያልተከፈለበትን ሰዓት አይቆጥሩትም። ያ ሰዓት ግን የእኔ ዕድሜ ነው።

ዛሬ ጠዋት ለፍራሹ ደንበኛ አንድ የመጨረሻ ኢሜይል ጻፍኩ። የለውጥ ታሪኩን ከነሰዓቱ በፎቶ አድርጌ አያያዝኩት። ካልከፈላችሁ ጽሑፉን የመጠቀም መብት የላችሁም፣ ድረ ገጻችሁን በየሳምንቱ አያለሁ አልኳቸው። ሌላ አንድ አዲስ ደንበኛ ደግሞ 500 ቃል ሙከራ ጠይቆኛል። የሙከራውን ዋጋ ጽፌ ላክሁለት። አንብቦታል፤ እስካሁን አልመለሰም።

አሁን ሌላ ጽሑፍ ጀምሬያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ስጽፍ ስክሪኔን እየቀዳሁ ነው። ሰው መሆኔን ለማስረዳት ላፕቶፔ ላይ ቦታ እየለቀቅኩ፣ የልጄን ቪዲዮዎች ወደ ሌላ ቦታ ሳዛውር ነው ያረፈድኩት።