ሪበን ማይክ ስጠይቅ «ኮንደንሰር ውሰድ» መባል ሰለቸኝ

ኧረ በእናታችሁ፣ ባህር ዳር ሆኖ የጊታር አምፕ (የድምፅ ማጉያውን) ለመቅዳት የሚሆን ሪበን ማይክ መምረጥ ለምንድነው እንዲህ መከራ የሆነው? ሱቅ ገብተህ «ሪበን አላችሁ?» ስትል «አለ፣ የስቱዲዮ ነው» ብለው አንድ ትልቅ ኮንደንሰር፣ ሌላ ዓይነት ማይክ፣ ያወጡልሃል። ይሄ ሪበን አይደለም ስትላቸው «ያው ነው ወንድሜ፣ ኦሪጅናል ነው» ይሉሃል።

ያው አይደለም!

ሪበን ውስጥ ማግኔት መሃል የተዘረጋች ስስ የአሉሚኒየም ጥብጣብ አለች። ድምፁን የምትይዘው እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ሮየር አር 121 የሚባል ሪበን ላይ ውፍረቷ 2.5 ማይክሮን ብቻ ነው። ዲስቶርሽን ያለበት ጊታር ስትቀዳ ያ ጆሮ የሚወጋው ሹል ድምፅ በሪበን ለስለስ ብሎ ይመጣል። ሹር ኤስኤም 57ን እወደዋለሁ፣ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ያለ፣ ሪበን ያልሆነ ማይክ ነው፣ ሚክስ ውስጥም አይጠፋም። ግን ከ5 ኪሎኸርዝ አካባቢ፣ ቀጭኑ ድምፅ ላይ፣ ከፍ ስለሚል አምባሰል ላይ ረጅም ሊድ ስጫወት ድምፁ ይሳሳብኛል። እኔ የምፈልገው ሞላ ያለውን ነው።

የሚያናድደኝ ደግሞ ሙከራው። ማይኩን ይሰኩና «ፉ! ፉ! ሄሎ ቼክ!» በቃ። ሪበን ላይ እኮ እፍ አይባልም! በአንድ ትንፋሽ ጥብጣቧ ልትለጠጥ ትችላለች፣ ያ ሁሉ ብር ሄደ ማለት ነው። እኔ ከመግዛቴ በፊት ስንት ሰው እፍ እንዳለበት በምን አውቃለሁ?

አዲስ አበባ ስትደውል ዋጋውን ይነግሩሃል። ፓሲቭ ነው አክቲቭ ስትል ዝም። ይሄ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። አክቲቭ የሆነው በማይክ ኬብሉ የሚላክለትን 48 ቮልት (ፋንተም የሚሉትን) ካላገኘ አይሰራም። ፓሲቭ የሆነው ደግሞ 48 ቮልት አያስፈልገውም፣ ኬብሉ የተበላሸ ከሆነ ወይም ፋንተሙ እንደበራ ከሰካኸው ጥብጣቧን ሊጎዳት ይችላል። «ለሁሉም 48 አብራ» የሚል ምክር የምትሰጡ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ።

ፓሲቭ ሪበን የሚያወጣው ሲግናልም ደካማ ነው። አምፑን ለቀቅ አድርጎ ለሚጫወት ሰው ችግር የለውም፣ እኔ ግን ጎረቤት አለኝ፣ ግቢ ውስጥ ልጆች ይተኛሉ፣ ስለዚህ ድምፁን ቀንሼ ነው የምቀዳው፣ ያኔ ኢንተርፌሱ (ማይኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ጌኑን፣ ማለትም ሲግናሉን የሚያጎላውን፣ እስከ ጥግ መግፋት ይመጣል፣ ከጊታሩ ጋር ሽሽሽታም አብሮ ይገባል። ማይኩ ላይ የጨረስኩ ሲመስለኝ ደካማውን ሲግናል ለሚያጎላ ፕሪአምፕ ደግሞ ሌላ ወጪ።

በዚያ ላይ አብዛኛው ሪበን ከፊትም ከኋላም እኩል ይሰማል። መንገድ ዳር ለሚኖር ሰው ይሄ ማለት አምፑን ከፊት፣ ባጃጁን ከኋላ መቅዳት ነው። መብራት ሲጠፋማ የሰፈሩ ጄኔሬተር አለልህ። ግራና ቀኙ ግን ደንቆሮ ነው፣ ስለዚህ ጎኑን ወደ መስኮቱ ካዞርክ ብዙው ጫጫታ ይቀንሳል። ወይም እንደ ቤየርዳይናሚክ ኤም 160 ከኋላ እምብዛም የማይሰማውን መፈለግ ነው፣ ለእንደኛ አይነት ክፍል እሱ ይሻላል ባይ ነኝ። ይሄን የሚነግርህ ሻጭ አላየሁም። ሁሉም «ስንት ብር ይዘሃል?» ብሎ ነው የሚጀምረው።

«አምፕ ሲሙሌተር (የአምፕን ድምፅ የሚያስመስል ሶፍትዌር) ተጠቀም» የምትሉኝ፣ እሺ፣ ሰምቻለሁ። አምፕ አለኝ፣ ድምፁን እወደዋለሁ፣ እሱን ነው መቅዳት የምፈልገው።

ሻጮች ሆይ፣ ጊታሬንና አምፔን ይዤ ልምጣና ሁለት ማይክ ጎን ለጎን አሰሙኝ። አባይ በረሃን አቋርጦ በአውቶቡስ ለሚመጣ፣ ከደረሰ በኋላ ለማልመልሰው ዕቃ፣ በፎቶ ብቻ ብር አልክም። ባህር ዳር ውስጥ የሚሰራ ሪበን ያላችሁ ካላችሁ ደግሞ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አምፑን ባጃጅ ላይ ጭኜ ያላችሁበት እመጣለሁ፣ ቀበሌ 14ም ሁን ጣና ዳር።