ስዊችፉቶች መስቀሉን ደብቀው አልገቡም

አንድ የክርስቲያን ሮክ ባንድ ከመንፈሳዊ ሙዚቃ አሳታሚ ወጥቶ ወደ ትልቅ ኩባንያ ሲገባ ሁለት ዓይነት አስተያየት መነሣቱ አይቀርም። አንዱ ወገን «ለገንዘብ ሲሉ ክርስቶስን ሸጡት» ይላል። ሌላው «የለም፣ ቤተ ክርስቲያን የማይረግጠውን ሰው ሊያጠምዱት ነው» እያለ ይሟገትላቸዋል። ስዊችፉት የተባለው የካሊፎርኒያ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2003 ዘ ቢዩቲፉል ሌትዳውን የተሰኘውን አልበሙን በኮሎምቢያ ሪከርድስ በኩል ባወጣ ጊዜ ሁለቱም ተብሎበታል። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ከሳሹ አልበሙን እስከ መጨረሻው አላዳመጠውም። ጠበቃው ደግሞ፣ ሳያውቀው ይመስለኛል፣ ዘፈኑን መንጠቆ ላይ እንደ ተሰካ ትል ቆጥሮታል።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ባንዱ በ1996 በሳን ዲዬጎ ሲመሠረት አባላቱ ዘፋኙና ጊታር ተጫዋቹ ጆን ፎርማን፣ ቤዝ የሚጫወተው ወንድሙ ቲም እና ከበሮ መቺው ቻድ በትለር ነበሩ። ሦስቱም በባሕር ሞገድ ላይ በጣውላ የሚንሸራተቱ ልጆች ናቸው፤ የባንዱ ስም ራሱ የተገኘው ከዚሁ ስፖርት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አልበሞች ያወጡት በክርስቲያን ሙዚቃ አሳታሚዎች በኩል ነው። በአሜሪካ ይህ ዘርፍ የራሱ መደብር፣ የራሱ ሬዲዮ፣ የራሱ ሽልማትና የራሱ የደረጃ ሰንጠረዥ ያለው ትልቅ ገበያ ነው። አንድ ባንድ በዚያ ውስጥ ብዙ ዓመት ታውቆ ከአጥሩ ውጭ ስሙን የሚያነሣው ሰው ላይኖር ይችላል። ለስዊችፉት በሩን የከፈተለት ሲኒማ ነው። በ2002 ኤ ዎክ ቱ ሪሜምበር የተባለው የፍቅር ፊልም በርካታ ዘፈኖቹን ተጠቀመ፤ ከእነርሱም አንዱን የፊልሙ ዋና ተዋናይ ማንዲ ሙር ራሷ ዘፈነችው። በቀጣዩ ዓመት ፌብሩዋሪ 25 ቀን አራተኛው አልበማቸው በትልቅ ኩባንያ የመጀመሪያቸው ሆኖ ወጣ። በአጠቃላዩ ገበያ የወጣው በኮሎምቢያና በሬድ ኢንክ ስም ሲሆን፣ ወደ ክርስቲያን መደብሮች ያስገባው የክርስቲያን ሙዚቃ አሳታሚው ስፓሮው ነው። አልበሙ በቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ እስከ 16ኛ ደረጃ ወጣ። ሜንት ቱ ሊቭ እና ዴር ዩ ቱ ሙቭ የተሰኙት ሁለት ዘፈኖች በነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ 18ኛና 17ኛ ደረጃ ደረሱ። በአሜሪካ ብቻ ከሁለት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ።

ክርክሩ መጀመር ያለበት ግን ከሽያጩ ሳይሆን ከሙዚቃው ነው። ሜንት ቱ ሊቭን እንውሰድ። ጊታሩ ገና ከመጀመሪያው ወፍራምና ከባድ ሆኖ ይገባል። ግጥሙ ሲጀመር ሁሉ ነገር ዝቅ ይልና ድምፁ ለብቻው የቀረ ያህል ይሰማል። የሚተርከው በራሱ መተማመን አቅቶት፣ ዓለም ለምን ጥላው እንዳለፈች ስለሚጠይቅ አንድ ሰው ነው። አዝማቹ ላይ ባንዱ በሙሉ ኃይሉ ይመለስና «እርሱ» ይባል የነበረው ሰው «እኛ» ይሆናል፦ የተፈጠርነው ከዚህ ለሚበልጥ ኑሮ አልነበረምን? ራሳችንን የት ጣልነው? ጆን ፎርማን ዘፈኑን የጻፈው የቲ. ኤስ. ኤልየትን ዘ ሆሎው ሜን የተባለ ግጥም መነሻ አድርጎ ነው። በዘፈኑ ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አንድ ጊዜ እንኳ በግልጽ አልተጠራም። ክሱም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መልሱን ሳይናገሩ መጠየቅና መጮኽ ኃጢአት ከሆነ ግን መጽሐፍ ቅዱስን ራሱን ምን ልናደርገው ነው? መጽሐፈ መክብብ «ከንቱ፣ ከንቱ፣ የከንቱ ከንቱ» ብሎ ጀምሮ ስለ ድካም፣ ስለ ሀብት፣ ስለ ሥጋ ደስታ ምዕራፍ በምዕራፍ ያማርራል። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ከምናገኛቸው የቆሬ ልጆች መዝሙራት አንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጩኸት ነው፤ መጽናኛ ሳይመጣ፣ ወዳጅ ዘመድ እንደ ራቀ ያልቃል። እነዚህን ከቅዱሳት መጻሕፍት ያወጣ የለም። የእምነት ሰው መጠየቁን፣ መናፈቁን፣ ጎደለብኝ ማለቱን አባቶች የእምነት ክፍል አድርገው አስተላልፈውልናል። ሜንት ቱ ሊቭ የሚጠይቀውም ያንኑ ጥያቄ ነው፤ የተጠየቀው ድምፁ ሆን ተብሎ በተሻከረ ጊታርና በከበሮ መሆኑ ጥያቄውን አያረክሰውም።

ደግሞም ደበቁት የሚባለው ከእውነት የራቀ ነው። አልበሙ ስሙን የወሰደበትን ዘፈን ያዳመጠ ሰው ይህን ክስ እንዴት እንደሚደግመው አላውቅም። ዘፋኙ እዚያ ላይ በማይገባበት አገር መስቀልና ዝማሬ ተሸክሞ እንደሚሄድ በግልጽ ይናገራል። ራሱንና ጓደኞቹንም ያቋረጡ፣ የተሸነፉ፣ የበደሉና የሞኙ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን አባል ያደርጋል። መስቀልም ቤተ ክርስቲያንም በስማቸው ተጠርተዋል፤ ያውም ኩባንያው በየመደብሩ በሚሸጠው አልበም የርእስ ዘፈን ላይ። በክርስቲያን መጻሕፍት መደብርም ሆነ በመንገድ ዳር ሙዚቃ ቤት የገዛው ሰው ያገኘው እነዚያኑ 11 ዘፈኖች ነው። ለአማኙ አንድ ፊት፣ ለዓለሙ ሌላ ፊት አላሳዩም።

ወደ ጠበቆቹ ልምጣ፤ ይበልጥ የሚያሳስቡኝ እነርሱ ናቸው። «ጥበብ ነው፣ ማጥመጃ ነው» የሚለው መከላከያ ደግነት ቢመስልም ሁለት ሰዎችን ይበድላል። አድማጩን ይበድላል፤ ዘፈን ሊሰማ የመጣን ሰው ሳያውቅ የሚያዝ አደን ያደርገዋል። ሙዚቀኛውንም ይበድላል፤ የደከመበትን ዜማ ከበስተኋላው ለሚመጣው ስብከት መጠቅለያ ያደርግበታል። ቲም ፎርማን እምነታቸው ክርስትና እንደሆነና የሙዚቃቸው ዓይነት ግን ክርስትና እንዳልሆነ ተናግሯል። ይህን የሚሰሙ ብዙዎች እንደ ሽሽት ይቆጥሩታል። እኔ የምቆጥረው እንደ ታማኝነት ነው። አናጺ አማኝ ቢሆን ወንበሩን ክርስቲያን ወንበር አንለውም፤ የምንጠብቀው እግሩ እንዳይወላገድ ነው። ከዘፈን የምንጠብቀው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል፤ ዘፋኙ የሚኖርበትን እውነት ሳያጭበረብር እንዲነግረን እንሻለን።

የመደብር መደርደሪያ ምን ያህል ደካማ ዳኛ እንደሆነ ለማየት ከዚያው ወር ራቅ ማለት አያስፈልግም። የስዊችፉት አልበም በወጣ በሳምንቱ፣ በማርች 4 ቀን 2003፣ ኢቫነሰንስ የተባለው የሮክ ባንድ ፎለን የተሰኘ አልበሙን አወጣ። በክርስቲያን መደብሮችም ይሸጥ ነበር። አባላቱ ለአንድ መጽሔት በሰጡት ቃለ መጠይቅ ከክርስቲያን ባንድነት ራሳቸውን በሻካራ ቃል ሲያርቁ ግን አሳታሚው ራሱ መደብሮቹ አልበሙን እንዲያወርዱት ጠየቀ። በዘፈኖቹ ላይ አንድ ኖታ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መለያው ብቻ ነው። ትናንት ለወጣቶቻችን የሚያንጽ ተብሎ የተሸጠው፣ ዛሬ የማይነካ ሆነ።

ስዊችፉቶች የመጀመሪያዎቹ አልነበሩም። የክርስቲያን ሮክ አባት የሚባለው ላሪ ኖርማን አፖን ዚስ ሮክ የተባለውን አልበም በካፒቶል ሪከርድስ ያወጣው በ1969 ነው፤ ሽያጩ ስላላረካው ኩባንያው ወዲያው አሰናበተው። ከዚያው ከሳን ዲዬጎ የወጣው ፒ.ኦ.ዲ. የተባለ የክርስቲያን ባንድ በ1999 በአትላንቲክ ሪከርድስ ብቅ ብሎ ትልቅ ኩባንያ ከእንዲህ ያለ ባንድ ሊያተርፍ እንደሚችል አሳየ። መንገዱ እንግዲህ ተጠርጎ ነበር።

አልበሙን መውደዴ ድካሙን አይሰውርብኝም። ጎን የተሰኘው ዘፈን ታዋቂ ሰዎችን እየዘረዘረ ጊዜ እንደሚያልፍ፣ ገንዘብ እንደማይበቃ ይመክራል። ዜማው ፈጣንና ደስ የሚል ነው፤ መልሱ ግን ገና ጥያቄው ሳይጠየቅ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። አሙኒሽንም ችግሩ እኛው ነን ብሎ ይጮኽና ከዚያ በላይ ብዙ አይቆፍርም። እንግዲህ ተቺዎች «የበለጠ ይስበኩ» የሚሉትን ባንድ ያዳከመው በሰበከበት ቦታ መስበኩ ነው። ዴር ዩ ቱ ሙቭ የሚያይለው በተቃራኒው ነው። ሰውን በሆነውና ሊሆን በሚችለው መካከል ባለው ውጥረት ላይ ያቆመውና ተነሥ፣ ተንቀሳቀስ ይለዋል። እንዴት እንደሚነሣ ግን አይዘረዝርለትም።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ቅርብ ነው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናቶቻችን ጊታርም ኪቦርድም ከበሮም ዛሬ እንግዳ አይደሉም። የመሣሪያው ክርክር በአብዛኛው አልቋል፤ የቀረው የይዘቱ ነው። መዝሙር ለአምልኮ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ወደ ዘፈን ይጣላል፤ «ወደ ዘፈን ተመለሰ» የሚባለውም ለወደቀ ሰው ነው። እናቱ ስትሞት ያመረረ፣ ሥራ ያጣ፣ ሚስቱን የሚወድ፣ ጸሎቱ ጣሪያ ላይ የቀረ የሚመስለው አማኝ ይህንን በዜማ የሚናገርበት ሥፍራ ጠባብ ነው። ተሰጥኦ ያላቸው ወጣቶች ከሁለት አንዱን ይመርጣሉ፦ ወይ የሚያውቁትን ኀዘን ትተው በሦስተኛው ስንኝ ሁሉም ነገር ድል የሚሆንበትን መዝሙር ይደግማሉ፣ ወይም ወጥተው ይሄዳሉ። ሲሄዱም ወደ ኋላ የሚከተላቸው ወቀሳ እንጂ ወዳጅ አይደለም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም።

የገንዘቡን ክስ በተመለከተ የባንዱ የኋላ ታሪክ ይመልሳል። በ2005 የኮሎምቢያ ባለቤት የሆነው ሶኒ፣ ናቲንግ ኢዝ ሳውንድ በተባለው አልበማቸው ሲዲ ላይ ቅጂ የሚከለክል ሶፍትዌር ሲጭንበት፣ ቲም ፎርማን አድማጮችን ይቅርታ ጠይቆ ክልከላውን እንዴት እንደሚያልፉት በኢንተርኔት ጻፈላቸው። ለኩባንያ የተሸጠ ሰው በገዛ ኩባንያው ላይ እንዲህ አያደርግም። በ2007 ከኮሎምቢያ ለቀው በራሳቸው መሥራት ጀመሩ፤ በ2023 ደግሞ ያንኑ አልበም ለሃያኛ ዓመቱ እንደ አዲስ ቀርጸው አወጡት።

አሁንም «ደበቁት» የሚል ካለ የአልበሙን የመጨረሻ ዘፈን፣ ትወንቲ ፎርን ያድምጥ። ጊታሩ ለስላሳ ነው፤ ዘፋኙ በሃያዎቹ አጋማሽ ያለ ወጣት ነው፤ ውድቀቶቹንና ሰበቦቹን ይቆጥራል፤ ልቡ እንደተከፋፈለና አንድ መሆን እንደሚሻ ይናገራል። መጨረሻ ላይ መንፈስን በቀጥታ ይጠራና እንዲያነሣው ይለምነዋል። ይህ በግልጽ ጸሎት ነው። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቅጂ የተሸጠበት አልበም መደምደሚያ እንዲሆን ያደረጉትም እርሱን ነው። ከሳሾቹ በዚህ ላይ ምን እንዲጨመር ይፈልጉ እንደነበር ቢነግሩን እወዳለሁ።