ባል ዋስ ሲገባ ቤቱ የማን ነው?

ባል ለወንድሙ ዋስ ገባ። ወንድም በብድር አይሱዙ ገዝቶ እህል ያመላልስ ነበር፣ ከሰረ፣ ጠፋ። አበዳሪው ወደ ዋሱ ዞረ። ሚስት ይህን ሁሉ ያወቀችው ከቅዳሜ ገበያ ስትመለስ የግቢዋ ቆርቆሮ በር ላይ የሐራጅ ማስታወቂያ ተለጥፎ ስታገኝ ነው። የቤቱ ስፋት፣ የካርታ ቁጥር፣ መነሻ ዋጋ፣ ሁሉም ተጽፏል። የሷ ስም ግን የትም የለም። ጎንደር በሄድኩ ቁጥር እንዲህ ያለ ታሪክ አላጣም።

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እዚያ ባልና ሚስት አብረው ቤት ሲገዙ ሕጉ ሁለቱን እንደ አንድ ባለቤት ያያቸዋል። ይሄ የባል ግማሽ፣ ያ የሚስት ግማሽ ተብሎ አይቆረጥም። ስለዚህ ባል ብቻውን በፈረመው ዕዳ፣ የክሬዲት ካርድም ይሁን የከሰረ ሬስቶራንት፣ ባለገንዘቡ ቤቱን ማሸጥ አይችልም። ግን ፈረንጅ ስለ ትዳር ተጨንቆ እንዳይመስላችሁ። ሁለቱም የፈረሙበት ዕዳ ቤቱን ይነካል፣ ባንክም ይህን ስለሚያውቅ ሁለቱንም ያስፈርማል። የፌዴራል ግብር ዕዳም እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በወሰነው መሠረት የአንዱን ድርሻ ይይዛል። ከተፋቱ ደግሞ ከለላው አበቃ። ካሊፎርኒያ ብትሄዱ ነገሩ የኛን ይመስላል፤ የአንዱ ዕዳ የጋራ ሀብቱን ይከተላል።

የኛም ሕግ ባዶ አይደለም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የጋራ ቤት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ለሰው ዋስ መሆንም እዚያው ገብቷል። አማራ ክልልም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል፣ በዚህ በኩል መንፈሱ ያው ነው።

ችግሩ ሕጉ የሚነቃው ሚስት ስትጮህ ብቻ መሆኑ ነው። አንቀጽ 69 ውሉን ለማስፈረስ ካወቀችበት ቀን ጀምሮ 6 ወር፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ ከተፈረመ 2 ዓመት ይሰጣታል። ብድር ተበላሽቶ፣ ክስ ተመሥርቶ፣ ፍርድ ተሰጥቶ በር ላይ ወረቀት እስኪለጠፍ 2 ዓመት ምን አላት? በዚያ ላይ አንቀጽ 70 የአንዱ ዕዳ ከግል ሀብቱ ካልተሟላ ከጋራው ይከፈላል ይላል። እስቲ የግል ሀብት ያለው ባል ጥሩልኝ! የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና የሙያ መሣሪያ እንዳይያዝ ይከለክላል። ቤት ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ድስቱ ይተርፋል፣ ድስቱ የሚጣድበት ቤት ግን ይሸጣል።

ካርታው በባል ስም ብቻ ከሆነ ጭራሽ ይብሳል። አበዳሪ ያላገባ ማስረጃ ይጠይቃል። በሽማግሌ ተጋብቶ፣ ድንኳን ጥሎ ደግሶ፣ ጋብቻውን ግን ያላስመዘገበ ሰው ያቺን ወረቀት ለማውጣት ብዙም አይቸገርም። ደግሞ ይሉኝታችን አለ። ወንድም «ዋስ ሁነኝ» ሲል «ቆይ ሚስቴን ላማክር» የሚል ወንድ ስንት ነው? እኔ እንኳ ሜሪላንድ ሆኜ እንዲህ ብዬ ስንቴ ተስቆብኛል።

እኛ ዲያስፖራዎችም ብንሆን ከዚህ አናመልጥም። ጎንደር ውስጥ ማራኪም አዘዞም ቤት የሠራ ስንቱ ነው ካርታውን በወንድሙ ስም ያወጣው? በወንድም ስም የተመዘገበ ቤት በሕግ ፊት የወንድምና የሚስቱ የጋራ ሀብት ነው ተብሎ ይገመታል። ወንድም ዋስ ከገባ ሐራጁ የሚወጣው ባንተ ላብ ላይ ነው፤ «ገንዘቡ የኔ ነው» ብለህ የማስረዳቱ ሸክምም ያንተ ነው። ከ1994 ጀምሮ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ) ያለው ሰው በራሱ ስም ቤት ማፍራት ይችላል። የማናደርገው ብዙ ጊዜ ለእረፍት መጥተን የክፍለ ከተማ ሰልፍ ስለሚሰለቸን ነው።